የሐምሌ ማሞቂያ

በጅቡቲ ከተማ፣ ያውም በሐምሌ፣ የቤት ማሞቂያ ልግዛ ብሎ ገበያ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ ልጆቼ? አበደ ይባላል። ሌላውን ሰው ጀርባውን ሲያዞር ጠብቀው ያሙት ይሆናል፤ ተናኘወርቅን ግን ፊት ለፊት ነው ያሏት።

«ማሞቂያ?» አለ ባሺር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴው። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው አይደናቀፍም። «እታለም፣ ደኅና ነሽ? ውጪ ቁሚያ! በነፃ ነው የሚሞቀው።»

«በጤናዬ ነው የምጠይቅህ ባሺር።»

«በጤናሽስ አይደለም።» አንገቱን ወደ ጎረቤት ሱቅ አስግጎ በሶማልኛ አንድ ነገር ጮኸ። ጎረቤቱ ሳቀ። የጎረቤቱ ጎረቤትም ሳቀ። አንዱማ ቲማቲም መመዘኑን ትቶ ሊያያት መጣ።

ተናኘወርቅ ላቧን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ሱቁ ውስጥ ከጣሪያ እስከ ወለል ቫንቲላተር ይሽከረከራል፤ ሁሉም የሚነፋው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። ውጪ ደግሞ ከምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን እያነሣ ፊት ላይ ይበትናል። ከዚህ በፊት የገባችባቸው ሱቆች ሁሉ እንዲሁ ነው የሸኟት። አንዱ ቫንቲላተር አወጣላት። አንዱ ክሊም የሚሉትን ማቀዝቀዣ ሊያስማማት ሞከረ። ሌላው ዝም ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጣትና «ትንሽ ጥላ ሥር ተቀመጪ እናቴ» አላት። ከሁሉ ያበገናት ይኸኛው ነው።

«ለልጄ ነው» አለች ባሺርን። «ለመንዝ። እዚያ አሁን ክረምት ነው።»

ባሺር ሳቁን ቀነስ አደረገ። «ከዱባይ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ሾፋዥ፣ ማሞቂያ ማለቴ ነው፣ ነበረ። ከመጋዘን ላስፈልግልሽ፤ ነገ ነይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተናኘወርቅ የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ሰው ናት። ካርቲየ 2 በሚሉት የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ፣ ሩቅያ በምትባል የጨርቅ ነጋዴ ቤት ተቀምጣ ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፣ ትግስት፤ አገሯ አግብታ ትኖራለች። ትግስት አምና በክረምት ወልዳ ነበር። ሕፃኑን ብርድ መታው፣ ደረቱ ታፈነ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሄደ። ዘንድሮ ደግሞ ያው በክረምት፣ ያውም ወሩ ሳይሞላ፣ ሌላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ «ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ክፍሉ ሌት ተቀን ይሙቅ። ከሰል ግን በፍጹም እንዳታስገቡ» ብላ አስጠነቀቀች። የከሰሉንማ ባትነግራቸውም ያውቁታል። ጎረቤቶቻቸው፣ ባልና ሚስት፣ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኝተው በዚያው ቀርተዋል።

የትግስት ባል ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ ሱቆቹን አዳረሰ። ምጣድ አለ፣ የሻይ ማፍያ አለ፣ ማሞቂያ የለም።

«እማዬ» አለች ትግስት በስልክ፣ «እጁን ስነካው ይቀዘቅዘኛል። ደረቴ ላይ ለጥፌው ነው የምውለው፣ የማድረው። እንቅልፍ ቢጥለኝስ?»

ይቺ «እንቅልፍ ቢጥለኝስ» ናት እንግዲህ ተናኘወርቅን በዚያ ቃጠሎ ከሱቅ ሱቅ ያንከራተተቻት። የአገሯ ልጅ ዋለልኝ ከዶራሌ ወደብ ጭኖ በኮምቦልቻ በኩል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። «አርብ ጧት እወጣለሁ፤ ያገኘሽውን ስጪኝ፣ ጣርማ በር ላይ ለባሏ አስረክባለሁ» ብሏታል። አርብ ደግሞ እየመጣ ነው።

በማግስቱ ሰብሪና ደወለችላት። ሰብሪና የጅማ ልጅ ናት፣ ባሕሩ ዳር አንድ የፈረንሳይ ወታደር ቤተሰብ ጋ ትሠራለች። ሰዎቹ የሥራ ጊዜያቸው አልቆ ዕቃቸውን እየጠቀለሉ ነው።

«እትዬ ተናኜ፣ ቶሎ ነይ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የምትፈልጊው ነገር አለ። ሲመጡ ከአገራቸው ይዘውት መጥተው አንድ ቀን እንኳ አልነኩትም። ማዳም የፈለገ ይውሰደው ብላለች።»

ተናኘወርቅ ወጡን ከእሳት አውርዳ ሮጠች።

ጎትተው ግቢ አወጡት። ነጭ ነው። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ፣ ሆዱ ዘይት የሞላ፣ ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው። የሚቀላ ሽቦ የሚባል ነገር አይታይበትም፤ እሳቱ ሁሉ ከውስጥ ነው። ሁለት ማብሪያ አለው፣ አንድ ትንሽ፣ አንድ ትልቅ፤ ከነሱ በታች ቁጥር የተጻፈበት የሚዞር ጉጥ። ተናኘወርቅ ገና ስታየው ወደደችው። ትግስት ክፍል ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ፣ በነጭነቱ ቆሞ ታያት።

የግቢው ዘበኛ ሙጠሊብ፣ የወሎ ሰው ነው፣ ገመዱን ከዘብ ቤቱ ግድግዳ ሰካላቸው። ሁለቱንም ማብሪያ ተጫኑ። ጉጡን እስከ መጨረሻው ቁጥር አዞሩት። ጠበቁ።

«ሞቀ?» አለች ሰብሪና።

ተናኘወርቅ ዳበሰችው። «ሞቋል መሰለኝ።»

«ቆይ» አለ ሙጠሊብ። እሱም ዳበሰው። ከዚያ ግድግዳውን ዳበሰ። ከዚያ የብረት በሩን ዳበሰና እጁን አራገፈ። «በሩ ይብሳል!»

እውነቱን ነው። በዚያ ቀትር የውሃ ቧንቧው ሞቋል፣ ወንበሩ ሞቋል፣ ሙጠሊብ የያዛት የውሃ ላስቲክ ሞቃለች። ማሞቂያው ከነሱ የበለጠበት ነገር የለም። ማብሪያው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖልም አልበራችም። ነቅለው ሌላ ቦታ ሰኩት። ሙጠሊብ በመዳፉ ጠፈጠፈው። ዝም።

«ሞቷል» አለች ሰብሪና በሐዘን።

«ፈረንጅ ምን ቸግሮት! የሞተ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ የሞተ ዕቃ ጥሎ ይሄዳል» አለ ሙጠሊብ።

ተናኘወርቅ ቁጭ ብላ ያንን ነጭ ነገር አየችው። በሰው ፊት አላለቅስም ብላ እንጂ እንባዋ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወደ ባሺር። ባሺር ሱቅ ስትደርስ ከተማው በሩን ዘግቷል። ጫቱ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ትራሱን ደግፎ በሚጋደምበት ሰዓት ነው የደረሰችው። የተዘጋ በር ሥር በጠባብ ጥላ ተቀምጣ ጠበቀች። አንድ የሰው ፍየል መጥቶ ጥላዋን ተካፈላት።

ባሺር ጉንጩን ወጥሮ መጥቶ ከፈተ። ሁለት ካርቶን አወጣ። የመጀመሪያው ሙቅ ነፋስ የሚነፋ ነው፣ እሱም ቁጥር ያለው ጉጥ አለው። ሰካው። አልተነፈሰም።

«ይኼም ሞቷል!» አለች ተናኘወርቅ። «ምን ዓይነት አገር ነው! የሞተ ሁሉ እዚህ ነው እንዴ የሚላከው?»

«ቆይ እንጂ እታለም፣ አትቸኩዪ።» ሁለተኛውን ሰካው። ይኸኛው ጉጥ የለውም፣ ቁጥር የለውም። ገና ከመሰካቱ ሽቦው ቀላ፣ ፊታቸውን ለበለበው። «ይኸው! ገሃነም በካርቶን! አላልኩሽም?»

ተናኘወርቅ ጎንበስ ብላ አየችው። የፊቱ መከለያ ስስ ናት፣ በጣቷ ብትነካት ተወዛወዘች። ከኋላዋ ሽቦው ራቁቱን ይንቀለቀላል። የትግስት ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ የተለበጠ ነው። ፍራሹ የሣር ነው።

«ሌላ የለህም? ሽቦው የማይታይ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ያልበራውን ሞቷል አልሽ፤ የበራውን ደግሞ በራ ብለሽ ልትጣዪው ነው? ምን ላድርግሽ?»

ሌላ ሱቅ አልነበራትም። ገዛችው። ካርቶኑን ታቅፋ ስትሄድ ትግስት ጋ ደወለች።

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«አልጋው ሥር ነዋ እማዬ፤ ሌላ ቦታ የት አለ? እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

ልጆቼ፣ ያን ማታ ተናኘወርቅ ራት አልበላችም። ካርቶኑን የማዕድ ቤቱ ጥግ አስቀምጣ ዞር ብላ ታየዋለች። ብርዱ እንዳይገድለው ብዬ በእሳት ልገድለው ነው? ትላለች። ባልልክስ? ስትል ደግሞ የትግስት ድምፅ ይመጣባታል።

ሐሙስ ጧት የሩቅያን መኝታ ክፍል ታጸዳለች። በቤቱ ክሊም ያለው ያ ክፍል ብቻ ነው። ሩቅያ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ሻይዋን ትጠጣለች። ክሊሙ ሲያጓራ ቆየና ድንገት ጠቅ ብሎ ጸጥ አለ።

«እትዬ ሩቅያ፣ ክሊሙ ተበላሸ!» አለች ተናኘወርቅ፤ ሰሞኑን ሁሉ ነገር እየሞተባት ነው።

ሩቅያ አማርኛውን የለመደችው ቤቷ ከሚሠሩት ሴቶች ነው፤ ቁጣም ቀልድም ታውቅበታለች። «አፍሽ ይቆረጥ! አልተበላሸም። ይኸው ቁጥሩን ሰጠሁት፣ ክፍሉ እዚያ ሲደርስ ያርፋል። ሲሞቅ ደግሞ ይነሣል። ስንት ዓመት ስትወለውዪው ኖረሽ ይቺን አታውቂም?»

ተናኘወርቅ መወልወያውን እንደያዘች ቀረች።

ቁጥር። ያ ነጩም ቁጥር ነበረው። ቅዝቃዜው ሲበቃ ክሊሙ የሚያርፍ ከሆነ፣ ሙቀት ሲበቃ ማሞቂያውስ? በዚያ ቀትር፣ በዚያ ግቢ፣ የብረት በሩ እጅ በሚለበልብበት፣ ምን ብሎ ይነሣ? አልሞተም። ሥራ አጥቶ ነው። በቅቶት ነው!

«እኔ ደንቆሮ!» አለች ጮክ ብላ። «እኔ ድንጋይ!»

«ምን ሆንሽ ተናኜ?»

«እመለሳለሁ እትዬ፣ አሁን እመለሳለሁ!» መወልወያውን በሩ ላይ ጥላ ወጣች።

ሰብሪና የምትሠራበት ግቢ ስትደርስ ማሞቂያው የለም። ሙጠሊብ ከዘብ ቤቱ ጀርባ አንድ ሳንቃ ላይ ጎማ ይመታል፤ የውሃ ጀሪካን መግፊያ ጋሪ እየሠራ ነው። ጎማዎቹን አወቀቻቸው። ነጩ ማሞቂያ ጎማውን ተነቅሎ በጎኑ ተጋድሟል፣ ላዩ ላይ የሙጠሊብ ሸሚዝ ተሰጥቷል።

«ሙጠሊብ፣ ዕቃውን እወስደዋለሁ። አልሞተም።»

«ትናንት ሞቷል አላላችሁም? ማዳም ለኔ ሰጥታኛለች። አሁን ወንበሬ ነው፣ የልብስ ማስጫዬ ነው።»

«የልጅ ነፍስ ነው አንተ ሰው!»

ነገሯን ሰማት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን እሱም በቆርቆሮ ዘብ ቤት ውስጥ የሚጠበስ ሰው ነው። አንገቱን አከከ። «እትዬ፣ እኔም እዚህች ጣሳ ውስጥ እየተቀቀልኩ ነው። ጎማውንም ለጋሪዬ ፈልጌው ነበር። ቫንቲላተር አምጪልኝና ዕቃሽን ውሰጂ።»

ካርቶኑን ከማዕድ ቤት አንሥታ ወደ ባሺር በረረች። በሩን ሊዘጋ ቁልፉን ይዟል። የምሳ ሰዓት ነው፣ ጫቱም ደርሷል።

«የተሸጠ አይመለስም» አለ ገና ካርቶኑን ሲያይ።

«አልመልስም። በቫንቲላተር ለውጥልኝ።»

ባሺር እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «ትናንት ካልሞቅሁ ሞትሁ አልሽ። ዛሬ ቀዝቅዢ ተባልሽ? ነገ ደግሞ ዝናብ ከፌስታል ትጠይቂኛለሽ።»

«ባሺር፣ ስድቡን በኋላ። አሁን ለውጥልኝ።»

«በኋላ የለም፣ ጫቴ ይጠወልጋል።»

«እንግዲያው ከፊትህ አልነሣም» ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። በሩን መዝጋት አልቻለም። የትናንቱ ፍየልም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ባሺር እሷን አየ፣ ፍየሉን አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ያረቢ! ከነፍየሏ መጣች!» ብሎ አንዱን ቫንቲላተር ከነአቧራው አንሥቶ አሸከማት።

ሙጠሊብ ቫንቲላተሩ ፊቱ ላይ ሲነፍስ ዓይኑን ጨፈነ። ጎማዎቹን ራሱ መልሶ ገጠመላት፤ ከአንዱ በቀር። አንዱ ተሰብሯል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጭንቀት። እንደገመተችው መሥራቱን በምን ታውቃለች? ባይሠራስ? ቀይ ሽቦውንም መልሳዋለች። በጅቡቲ በሐምሌ ብርድ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሩቅያ መኝታ ክፍል።

«ምን? ክሊምና ማሞቂያ ባንድ ክፍል?» አለች ሩቅያ፤ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ከፍሎ ማቀዝቀዝ፣ ከፍሎ ማሞቅ! የመብራት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሰምተው ይጨፍራሉ!»

«ጥቂት ብቻ እትዬ። ለልጅ ልጄ።»

ሩቅያ ስድስት የወለደች ሴት ናት። አንድ ጊዜ አየቻትና የክሊሙን ቁጥር እስከ ታች አወረደችው። ሁለቱም ነጠላ ነገር ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ብርዱ ጣታቸው ላይ ሲደርስ ተናኘወርቅ ሰካችው። ትንሹን ማብሪያ ተጫነች፣ ትልቁንም ተጫነች። ጉጡን አዞረች።

ትንሿ አምፖል ቦግ አለች።

«በራ!» ሁለቱም ዳበሱት። ከውስጡ ብረቱ ጠሽ ጠሽ ይላል። ሆዱ ይሞቅ ጀመር፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰው ገላ። ተናኘወርቅ ጉንጯን ልታስጠጋ ጎንበስ ስትል፣ ክሊሙ ጠፋ፣ አምፖሉ ጠፋ፣ ፍሪጁ ጠፋ፣ ከሳሎን የልጆች ጩኸት መጣ። የቤቱ ብሬከር ወረደ።

«ተናኘወርቅ!» አለች ሩቅያ መስኮቱ በተከደነው ክፍል ጨለማ ውስጥ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ቤቴን አጠፋሽው!»

ሩቅያ ብሬከሩን እየተሳደበች መለሰችው። ለሁለተኛ ጊዜ ትንሹን ማብሪያ ብቻ ጫኑ። ያዘ። ክሊሙም ሠራ፣ ማሞቂያውም ሠራ፣ የቤቱም መብራት አልጠፋም። ይቺ ብስጭት እንኳ ጠቀመቻት፤ ምክንያቱም ትግስት መብራት የምታገኘው ከአከራይዋ ቆጣሪ በቀጭን ገመድ ተስቦ ነው። ትልቁን ማብሪያ በፕላስተር ሸፈነችው፣ በላዩም ደራርባ ለጠፈችው።

አርብ ጎሕ ሲቀድ ዶራሌ፣ ከመኪኖቹ ሰልፍ መካከል ዋለልኝን አገኘችው። ዕቃውን ሲያነሣ ተቃሰተ።

«እትዬ፣ ምንድን ነው? በሬ ነው?»

«ማሞቂያ ነው።»

ዋለልኝ ግንባሩ ላይ የተንዠረገገውን ላብ በክንዱ ጠረገና አያት። አፉን ሊከፍት ሲል ጣቷን ቀሰረች።

«አንዲት ቃል እንዳትናገር። የሰማሁት ይበቃኛል። አቁመህ ጫነው፣ እንዳታጋድመው። ለባሏም ትንሹን ማብሪያ ብቻ በለው። ፍራሽም ጨርቅም አያስጠጉበት።»

«እሺ እትዬ» አለ፤ ጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ጀርባ አቁሞ በገመድ አሰረው። እስኪጠፋ ድረስ ግን ትከሻው በሳቅ ሲነቃነቅ በመስኮቱ ይታያት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስልክ መጠበቅ ሆነ። መስመር የለም ይላል፣ ደግሞ ይጠራል፣ ደግሞ ይቋረጣል። ተናኘወርቅ ስልኩን ጡቷ መካከል ሸጉጣ ነበር የምትውለው። ልብስ ስታጥብ ጠራ። በአረፋ እጇ አወጣችው።

«እማዬ!» የትግስት ድምፅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ዕቃው ደርሶ ነበር። ሰካነው፣ በራ፣ ሞቀ። አሁን ግን ተበላሸ መሰለኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ደኅና ሲሠራ ቆይቶ፣ ጠቅ አለና ጠፋ። አምፖሏም ጠፋች። እኔ እኮ ዕድሌ ነው!»

ተናኘወርቅ የውሃ ባልዲውን ጫፍ ይዛ ቁጭ አለች። ላቡ ከግንባሯ፣ ከአገጯ፣ ከክርኗ ይንጠባጠባል። ግቢው እንደ ምድጃ ይተነፍሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰሞን የሳቀችው ያኔ ነው፤ ሲወጣ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም።

«አልተበላሸም ልጄ። እንዳትነኪው። ክፍሉ ሞቆልሽ ነው፤ አርፎ ነው። ሲበርድ ራሱ ይነሣል። ልጁስ?»

ወዲያ ማዶ ትግስት ተነሣች። ኮቴዋ ተሰማ፣ አልጋው ሲንጫጫ ተሰማ።

«እማዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ካልሲውን በእግሩ ገፍቶ ጥሎታል። እግሩን ነካሁት። ሙቅ ነው።»

«እንግዲያው አንቺም ጋደም በይ» አለች ተናኘወርቅ።